የሚሽከረከረው በርሜልና የእምዬ ሎሚ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ቤቱን ሊያሳየን ጋበዘን። ሳሎኑን አሳየን፣ መኝታ ቤቱን አሳየን፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጓሮ ወሰደንና በብረት እግር ላይ የተንጠለጠለ አረንጓዴ የፕላስቲክ በርሜል ፊት አቆመን። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ማበስበሻ ነው አለ። እጀታውን ይዞ አንዴ አሽከረከረውና ክዳኑን ከፈተው። እንግዳው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ገና ልጣጭ ነው፣ ገና ጥሬ ነው፤ ከሥር ግን ያ ሽታ አለ፤ ዝናብ የነካው አፈር፣ የኮመጠጠ ቡና፣ የላሸቀ ሙዝ። «ደረቅ ነገር አንሶታል፤ ሰጋቱራ ጨምርበት» አልኩት። «አንቺ ደግሞ ይሄን የት ተማርሽ?» አለኝ። «ፒያሳ» ስለው ሁሉም ሳቁ። እኔ መቼ ቀለድኩ።

ግቢያችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ነበር። ዛሬ ብትሄዱ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የመብራት ምሰሶ ነው የምታገኙት፤ በሩ የት ጋ እንደነበር እኔም ቆሜ መገመት ይኖርብኛል። ያኔ በአንድ የቆርቆሮ በር ብዙ ቤተሰብ ይገባ ነበር። ቧንቧው አንድ፣ ልብስ ማስጫው አንድ፣ ጠቡም ዕርቁም የጋራ ነው። ከቧንቧው አጠገብ ደግሞ የአያቴ ሎሚ ነበረች።

አያቴ ወለላን እምዬ ነበር የምንላቸው። እኔ ሦስተኛ ክፍል በገባሁ በጥቅምት አረፉ። ሊያርፉ ሰሞን ባላቸውን፣ ማለት አባባን፣ ወደ አልጋቸው ጠሩና «ልጆቹስ ራሳቸውን ችለዋል። ሎሚዬን አደራ» አሏቸው። እኔ አልጋው ግርጌ ተቀምጬ ነበር። አባባ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። በቀብሩ ዕለትም ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። ለቀስተኞቹ «ሰውዬው ድንጋይ ናቸው» ሲሉ ሰማሁና ብዙ ጊዜ ከአባባ ጉልበት ላይ ስቀመጥ እጃቸውን ጫን ጫን አድርጌ አይ ነበር። ድንጋይ አልነበሩም።

ችግሩ፣ አባባ በዕድሜያቸው ሙሉ ያቺን ሎሚ አንድ ኩባያ ውሃ አጠጥተዋት አያውቁም። ማተሚያ ቤት፣ ጥራዝ ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከዛፍ ጋር የነበራቸው ትውውቅ በወረቀት በኩል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ከቀብሩ በኋላ ጎረቤት ተማክሮ የግቢውን ጭቃ ሊሾ አስደረገው። ለሎሚዋ በግንዷ ዙሪያ ሳፋ የምታህል አፈር ብቻ ተረፈላት። ግንቦት ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሰኔ ላይ መርገፍ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት አባባ ተነሥተው የረገፈውን ቅጠል ሌላ ሰው ሳያየው በፊት እየለቀሙ ኪሳቸው ይከቱት ነበር።

«እምዬ እኮ ዝም ብለው አላሳደጓትም» አለች እናቴ አንድ ቀን። «የድንች ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል፣ የዕንቁላል ቅርፊት፣ ምኑ ቅጡ፣ ሥሯ ይቀብሩላት ነበር።»

አባባ ይህን አያውቁም ነበር። አርባ ምናምን ዓመት አንድ ቤት ኖረው፣ ሚስታቸው በየቀኑ ምን ይዘው ወደ ቧንቧው እንደሚወጡ አላዩም። ወደ ቧንቧው በኩል አዩና «ለዚህ ነበራ የምትወጣው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ላይ ስለ ብስባሽ ሰሙ። እርጥቡ ከደረቁ ጋር ይቀላቀል፣ አየር እንዲያገኝ ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፣ በወራት ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል ይላል ሬዲዮው። ጉድጓድ እንዳይቆፍሩ ሊሾ ነው። ከምረው በአካፋ እንዳያገላብጡ ወገባቸው አይታዘዝም። «እኔ ማገላበጥ ካቃተኝ እሱ ራሱ ይገላበጥ» አሉና አሮጌ የዘይት በርሜል ፈልገው ድልድዩ ሥር ካለ በያጅ ዘንድ ወሰዱት። ሲመለሱ በጋሪ አስጭነው ነው። መሃሉን ከጎን ወደ ጎን የቧንቧ ብረት ሰንጥቆት አልፏል፤ ብረቱ በሁለት እግር ላይ ተቀምጧል፤ ሆዱ ላይ በሽቦ የሚታሰር መዝጊያ አለው። ዙሪያውን አባባ ራሳቸው በሚስማር በሱት፤ እንዲተነፍስ ነው አሉ። እጀታውን ገፋ ሲያደርጉት በርሜሉ እያጓራ ይዞራል።

አራዳ ስም ለማውጣት ማን ብሎት? የግቢው ጎረምሶች ገና በዚያው ቀን «ሎተሪው» አሉት፤ በቴሌቪዥን ዕጣ ሲወጣ የሚሽከረከረውን ነገር አይታችሁ የለ? «አባባ፣ ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው?» ይላሉ ሲያልፉ። አባባም አይተናነሱም፣ «ቲኬት የቆረጠ ይጠይቀኝ» ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን የምር አድርጌ ያዝኩት። ልጣጩ ሲያልቅ ከውስጡ ቁጥር ይወጣል ብዬ አመንኩ፤ ለእናቴ ሱቅ፣ ለራሴ ብስክሌት አስቤ ነበር።

የእኔ ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ጠዋትና ማታ ከአባባ ጋር ማሽከርከር። ሁለተኛው፣ በትንሽ ባልዲ የማሽን ቡና አተላ ማምጣት። ፒያሳ ላይ አንድ ኬክ ቤት ነበር፤ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ማኪያቶ ቀድቶ ሲጨርስ አተላውን ኳ ኳ አድርጎ እያራገፈ በጣሳ ያጠራቅምልኛል። ያን ባልዲ ይዤ ስወርድ የነበረኝ ኩራት ዛሬም አለኝ። ሰው መንገድ ላይ ይሸተዋል፣ ዞር ብሎ ያየኛል። ክረምት ነው፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ የጊዮርጊስ ደወል ይሰማል፣ ባልዲው እጄን ያሞቀዋል። አንዳንዴ ሰውዬው የተሰበረ ብስኩት አተላው ላይ ጣል ያደርግልኝና «ይሄ ለበርሜሉ አይደለም» ይለኛል።

በርሜሉን ያልወደዱት እማማ ዘነበች ነበሩ። የግቢው ትልቅ እሳቸው ናቸው፣ የእምዬም የልብ ወዳጅ። እምዬ ሳሉ ሁለቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ሳይገናኙ ውለው አያውቁም ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን በእሳቸው አገር ሕግ ጥራጊ ወይ ይቀበራል ወይ ይቃጠላል። በቀትር አመድ መድፊያ አጠገብ የሄደ ልጅ በጋኔን እንደሚለከፍ ደግሞ ስንቴ ነግረውናል።

«የሚሽከረከር ጥራጊ ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አሉ። «አርፎ የተኛውን ነገር ምን ይቀሰቅሱታል፣ አባ ክፍሌ?»

«ልጣጭ እኮ ነው ዘነበች።»

«የሁሉም መጀመሪያ ልጣጭ ነው።»

አባባ ለሰላም ሲሉ በቀትር ላለማዞር ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ እኔ እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ በርሜሉን ሳልነካ ከግድግዳው ተጠግቼ ነበር የማልፈው።

ነሐሴ ላይ ግን ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ብርዱ ያንገበግባል፣ ጉሙ ከጣሪያ በታች ወርዷል። አባባ ሽቦውን ፈተው መዝጊያውን ቢያነሱት ከውስጡ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። እማማ ዘነበች ማድጋ ይዘው ቧንቧው ጋ ነበሩ።

«በስመ አብ ወወልድ» አሉ። «ይተነፍሳል።»

«ሙቀት ነው። ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ደህና እየሄደ ነው ማለት ነው» አሉ አባባ ደስ ብሏቸው።

«የሞተ ነገር ምን አሞቀው?»

አባባ መዝጊያውን መልሰው አሰሩ። እማማ ዘነበች ማድጋቸውን ሳይሞሉ ገቡ። እኔ ዘወር ሲሉልኝ መዳፌን በርሜሉ ላይ አሳረፍኩ። እውነትም ይሞቃል፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይመስላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውስጡ ሰው እንዳለ አልተጠራጠርኩም። ማን እንደሆነ ስለማላውቅ በአንቱታ ሰላምታ እሰጥ ጀመር፤ ጠዋት ከማዞሬ በፊት ቀስ ብዬ «እንደምን አደሩ» እላለሁ።

ነገሩ ከእምዬ ጋር እንደሚገናኝ የጠረጠርኩት ቆይቼ ነው። አባባ በተጠየቁ ቁጥር «አፈር እስኪሆን ነው» ይሉ ነበር። በእምዬ ቀብር ላይ ደግሞ ቄሱ «አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ገጠምኳቸው። አባባ የሚያዩት፣ አንድ ነገር አፈር ለመሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ነው፤ እምዬ የት እንደደረሱ ለማወቅ። ይህን ሳስብ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ማታ ስናዞር አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ እምዬ አሁን አፈር ሆነዋል?»

በርሜሉ በራሱ ግፊት አንዴ ዞረና ቆመ። አባባ እጀታውን አልለቀቁም።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። እርስዎ ለዛ አይደል እንዴ የሚያዩት?»

ዝቅ ብለው ፊቴን አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ሶስና ልጄ፣ ይሄን እኔ ነኝ የማሽከረክረው» አሉኝ በርሜሉን መታ መታ አድርገው። «እምዬሽን ግን የሚያሽከረክራት የለም። በሕይወቷም እሷ ነበረች እኔን ስታሽከረክረኝ የኖረችው።» ከዚያ ሳቅ አሉ። «እኔ የምፈልገው አደራዬን መወጣት ነው። ሎሚዋ ከደረቀች ወዲያ ማዶ ስንገናኝ ምን እላታለሁ?»

ያኔ ገባኝ። ዕጣም፣ ቁጥርም፣ ብስክሌትም የለም። አባባ ፈርተዋል። ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባልዲውን ስሸከም እጫወት የነበረውን ተውኩ።

መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ዝናቡ ቀረ። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ልጣጭ እየጠቆረ፣ እያነሰ ሄደ። አባባ የወረቀት ብጣሽ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ያመጡ ነበር፤ እሱም ሲላሽቅ አየሁ። ትል እንኳ ገብቶበት ነበር። «በቃ፣ ለገና ሎሚዋ ትቀለባለች» አሉ አባባ። አፋቸው ላይ እንደ ማር የሚጣፍጣቸው ወሬ እሱ ብቻ ሆነ። ቅጠሏ ግን መርገፉን አላቆመም፤ ጫፉ ላይ ያለው ቅርንጫፍ ከነአካቴው ራቁቱን ቀርቶ ነበር።

ጥቅምት ላይ የእምዬ ሙት ዓመት ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ዘመድ ከየአቅጣጫው መጣ። አባባ ያን ዕለትም አላለቀሱም፤ እንግዳ ተቀብለው እንግዳ ሸኙ። በማግስቱ ጋኖቹ ሲታጠቡ የተረፈው አተላ ባልዲ በባልዲ ነበር። እናቴ ልትደፋው ስትወጣ አባባ መንገድ ላይ ያዟት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቱቦው ነዋ።»

«ላም በአተላ ስትሰባ አላየሽም? ላምን ያሰባ አፈርን የማያሰባበት ምን ምክንያት አለ?»

እውነቱን ለመናገር እናቴም ልክ ናቸው ብላ ነው ያሰበችው። እትዬ ለተብርሃንም አብረው እየተሸከሙ አመጡ፤ ቀጥሎ ያለው ክፍል ጎረቤታችን ናቸው፣ ባላቸው የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። ከብት አርብቶ የሚያውቅ የሰው ዘር ሁሉ ይህን ስሕተት ይሠራል ብዬ አምናለሁ። የእምዬ ድግስ አተላ፣ ለእምዬ ሎሚ። ከዚህ የበለጠ ምን ያምራል? ደስ እያለን በርሜሉን እስከ አፉ ሞላነውና አሽከረከርነው። ከብዶን ሦስት ሆነን ነበር የገፋነው።

ሁለት ቀን ቆየ። ከዚያ በርሜሉ ተነሣ። በሚስማር ቀዳዳው ሁሉ ቡናማ አረፋ ይገፋ ጀመር፤ አረፋው በሆዱ እየተንጠባጠበ ሊሾው ላይ ተንጣለለ። ሽታው በመስኮት ገብቶ ትራስ ላይ ይተኛል። ዝንብ ሳይቀር እየተንገዳገደ ሲሄድ በዐይኔ አይቻለሁ። «ሎተሪው ሰከረ» አሉ ጎረምሶቹ። ይባስ ብሎ አንድ የማናውቀው ሰውዬ የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ገባና ጨዋ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ጣሳ ሳትሰቅሉ ነው እንዴ ጠላ ቤት የከፈታችሁት? አንድ ብርጭቆ ባገኝ» አለ። እናቴ ከመሬት በታች ልትገባ ደረሰች።

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ጎረቤት ሁሉ ቧንቧው ጋ ተሰበሰበ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«አባ ክፍሌ፣ ታግሼያለሁ» አሉ። «ለወለላ ነፍስ ስል ነው የታገሥኩት። እናቴ በኅዳር በሽታ ወንድሞቿን አከታትላ የቀበረች ሴት ናት። ከጥራጊ የሚመጣውን እሷ አስተምራኛለች። ኅዳር ሚካኤል ደርሷል። ያን ዕለት አገሩ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ ያጥናል። ይሄም ይወጣል፣ ይቃጠላል።»

አባባ የሊሾውን አረፋ ያያሉ። እኔ ፈነዳሁ።

«የእምዬ አደራ ነው» አልኩ። «ሎሚዬን አደራ ብለዋቸዋል። ለሎሚዋ ነው።»

እማማ ዘነበች ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ሎሚዋ፣ ከዚያ ወደ አባባ አዩ። «ወለላ ብላለች?» አሉ።

አባባ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ፈተው እንደገና አጣፉት። ጊዜ ወሰደባቸው። «አደራ ከሆነ አደራ ነው። ኅዳርም ግን ኅዳር ነው» አሉ። «በዕለቱ ይህ ነገር ሰው ሁሉ ባለበት ይከፈታል። አፈር ሆኖ ከተገኘ የሎሚዋ ነው። ጥራጊ ከሆነ የእሳት ነው።» ማንም አልተቃወመም። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ እሱ ነው የከፋኝ።

አባባ ያን ማታ እራት አልበሉም። «እኔው ራሴ ገደልኩት። ላም መስሎኝ» ይላሉ ደጋግመው። በማግስቱ በጠዋት እትዬ ለተብርሃን በራችንን አንኳኩ፤ ጀርባቸው ላይ ጆንያ አለ።

«ነዪ ጓለይ፣ ያዢልኝ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ጆንያው ውስጥ ሰጋቱራ ነው። ከባላቸው ሥራ ቤት ጠርገው ነው ያመጡት፤ የጽድ ሽታው ግቢውን ሞላው። «ጠላ የጠጣ ሰው ምን ይበላል? ደረቅ ነገር ነው የሚበላው። እስቲ እንሞክር፣ አባ ክፍሌ። እኔም እኮ ተሸክሜ ነው የሞላሁት።»

መዝጊያው ሲከፈት የወጣውን ሽታ አልነግራችሁም። እርጥቡን ግማሽ ያህል በሳፋ አውጥተን ዘረጋነው፣ ፀሐይ አናፈስነው፣ በሰጋቱራ አሸነው። ካርቶን ቀደድን። የሎሚዋንም ደረቅ ቅጠል አባባ ከኪሳቸው አውጥተው ጨመሩበት። ከዚያ ማዞር ነው። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከመኝታ በፊት። እጄ ተላጠ። እያንዳንዱን ጠዋት ገና ዐይኔን ሳልገልጥ በአፍንጫዬ ነበር የምጀምረው። መጀመሪያ ጠላ ነው። ከዚያ ኮምጣጤ። ከዚያ እርጥብ እንጨት። ከዚያ አንድ ጠዋት ምንም አልሸት አለኝ፤ ሮጬ ሄጄ እጄን በርሜሉ ላይ አደረግኩ፤ ሞቋል።

«እንደምን አደሩ» አልኩት፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ጊዜው ግን አጭር ነበር። አባባ ሊከፍቱት አልደፈሩም። እናቴ «እስቲ አንዴ ይዩት» ስትላቸው «የማየው ከሰው ጋር ነው» አሉ።  አንድ ማታ «ጥራጊ ሆኖ ቢገኝስ?» አልኳቸው። «አቃጥለውና ለወለላ አልቻልኩልሽም እላታለሁ» አሉኝ። «ሰው የሚሞተው ግን አንዴ ነው፤ እሷን ሁለቴ መቅበር እፈራለሁ።» እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም፤ ከእኔ በቀር የሚነግሩት ግን አልነበራቸውም።

ኅዳር ሚካኤል ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጭስ ነው። አዲስ አበባን ያን ዕለት ያላየ ሰው ነገሩን አያውቀውም። በየበሩ፣ በየቅያሱ፣ በየቱቦው ዳር ሰው የዓመት ጥራጊውን ቆልሎ እሳት ይለቅበታል። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ሰፈር አይታይም። ታክሲው መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው። ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ አፉን ይዞ ያስላል፣ ዐይኑን ይጠርጋል፤ በሽታው ይውጣ፣ ይታጠን ነው። በግቢያችንም በር አጠገብ እሳቱ ተያይዟል፤ እማማ ዘነበች በረዥም እንጨት ይቆሰቁሱታል።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። እትዬ ለተብርሃን ባዶ ጆንያ በርሜሉ ሥር አነጠፉ። ጎረምሶቹ እንኳ ያን ጠዋት ስለ ዕጣ አላወሩም። አባባ ሽቦውን ፈቱ፤ ጣታቸው እምቢ አላቸውና እኔ አገዝኳቸው። ከዚያ በርሜሉን ቀስ ብለን አዞርነው፤ መዝጊያው ወደ ታች ሲደርስ ከፈትነው።

መጀመሪያ ምንም አልወረደም። አባባ በመዳፋቸው የበርሜሉን ጀርባ መቱት። ያኔ ደርግም ብሎ ወረደ። ጥቁር ነው። የዕንቁላል ቅርፊት ነጭ ነጭ ብሎ ይታይበታል፣ አልፎ አልፎ ሰጋቱራም አለ፤ ሌላው ግን ድንቹ ከጎመኑ፣ ወረቀቱ ከሙዙ አይለይም። ሁሉም የሚያየው እማማ ዘነበችን ነው።

እማማ ዘነበች እንጨቱን ጥለው መጡና ቁጢጥ አሉ። አንድ እፍኝ አነሡ። ጨመቁት፣ ፈረፈሩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ከዚያ ተነሥተው ወደ እሳቱ ሄዱና ያን እፍኝ ነበልባሉ ላይ በተኑት። ነበልባሉ በዚያ በኩል እፍን ብሎ ጠፋ። ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። አልተያያዘም።

«አፈር ነው» አሉ። «አፈር ደግሞ አይቃጠልም።»

እትዬ ለተብርሃን እልል ሊሉ ጀምረው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። አባባ አካፋውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ እማማ ዘነበች ቀደሟቸው። «ይተዉ፣ ወገብዎን» አሉ። ሳፋውን አፈሩን ሞልተው፣ ወደ ሎሚዋ ወስደው፣ ተንበርክከው በእጃቸው በግንዷ ዙሪያ ይነሰንሱ ጀመር። «እኔም ቧንቧው ጋ ስጠብቃት ነው ዓመቱን የከረምኩት፣ አባ ክፍሌ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንድ ጠዋት ብቅ የምትል እየመሰለኝ። አደራዋን ለብቻዎ አይያዙብኝ።»

ሎሚዋ መዳኗ የታወቀው ጥር ላይ ነው፤ ከራቁቱ ቅርንጫፍ ላይ አዲስ ቅጠል ስታወጣ። ያን ጠዋት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ገና እየደረቀች ያለች ዛፍ ነበረች። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በቀብሩ ዕለት እንደያዙት በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ኮታቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም፤ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔ እጃቸውን ይዤ ዙሪያዬን አየሁ። የግቢው ሰው በሙሉ ዐይኑ ቀልቶ ያነባል፣ ከበሩ ውጭ የሚያልፈውም ያነባል፣ ከተማው በሙሉ በጭስ ያነባል፤ ስለዚህ አባባን ለምን ያለቅሳሉ ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም።